አውሱኝ ያላለ ስሟን አይጥራ

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። አንባቢዬ እስከ መጨረሻው መስመር ቢጠብቅም አያገኘውም፤ ስለዚህ ቀድሜ ልንገረው። ስም የሌለው ታሪክ ይከብዳል የሚሉኝ ይኖራሉ። የከበደው ይተወው። ያንን ስም ለማስመለስ ስንት ደጅ ጠንቻለሁ፤ አሁን ወረቀት ላይ ጥዬው አላፊ አግዳሚ እንዲያነሳው አላደርግም።

ካርቱም የገባሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ ቀለም ትምህርት ቤትም ጥቂት ክፍል ገፍቼ ተውኩት። ሰው ቤት ስሠራ ኖርኩ። ጉልበቴ ሲደክም ጀብራ ሰፈር በተከራየሁት ቤት የሠራተኛ ሴቶችን ልጆች መጠበቅ ያዝኩ። እናቶቹ የእኛው አገር ሴቶች ናቸው፤ ማለዳ ልጆቻቸውን ሆሼ ውስጥ ይተዉልኝና በባለ ሦስት እግሯ ራክሻ ወደየሥራቸው ይበተናሉ። ሆሽ እዚህ በግንብ የታጠረውን የቤት ግቢ ይሉታል። ልጆቹ አማርኛና ዓረብኛ አደባልቀው ነው የሚናገሩት። «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ለቄሱም ለድመቷም «አንተ» እና «አንቺ» ነው። እኔን ደግሞ እንደ ሱዳኖቹ «ሐቦባ» ይሉኛል፣ አያት ማለታቸው ነው። ከፍቶኝ አያውቅም።

ስሟን አልጽፍም ያልኳት ሴትዮ የተወለደችው በአቧራ ቀን ነው። እዚህ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ሰማዩ መጀመሪያ ይቀላል፤ ከዚያ በጠራራ ቀትር ይጨልማል። አንድ ቀን እንዲህ ሲሆን ልጆቹን ሰብስቤ ወደ ውስጥ አስገባሁና የበሩን ስንጥቅ በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩ። አንዱ ማልቀስ ሲጀምር ሌሎቹ ተከተሉት። ቤቱ በለቅሶ ሲሞላ እኔም የምለውን ሳላውቅ፣

«ዝም በሉ፣ ትሰማችኋለች» አልኩ።

«ማን?»

«ዚሩ ውስጥ ያለችው።»

ዚር መንገደኛ እንዲጠጣበት በየጥጉ የሚቀመጥ ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን ነው። በእኛ መንገድ ጥግም አንድ ነበረ። እዚያ ውስጥ ክንድ የማታህል አሮጊት ትኖራለች አልኳቸው። ሐቡብ ሲነሳና ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን ትወጣለች። የጠፋውን ጫማ፣ የባዘነችውን ዶሮ፣ ከአህያ ጋሪ የወደቀውን ሽንኩርት እያነሳች ለየባለቤቱ ትመልሳለች። ከአንድ ጉንጭ ውሃ በቀር ዋጋ አትቀበልም። ደግሞ ሳትጠይቅ ደጅ አትገባም። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ቢሆን እንኳ ደጃፉ ላይ ቆማ «ልግባ?» ትላለች። መልስ ካጣች የያዘችውን እዚያው አስቀምጣ ትሄዳለች።

ስም ሰጠኋት። ግማሹ እናቴ በልጅነቴ ስታቆላምጠኝ የምትጠራኝ ስም ነው፤ ግማሹ እነዚያ ልጆች ሲጠማቸው የሚጮኹት የዓረብኛ ቃል። ሁለቱን አጋጥሞ የሚጠራ ሰው አገር ቤት የለም፤ ሱዳኖቹም ዘንድ የለም። ያ ስም በዚያ ቀን፣ በዚያ ቤት፣ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ከዚያ በኋላ ተረት የሆሻችን ሥራ ሆነ። «ተረቴን መልሱ» በሌላው ቤት የማብቂያ ወግ ነው፤ በእኔ ቤት እውነትም ይመለስ ነበር። የሰማ ሁሉ በሌላ ቀን የራሱን ፈጥሮ ያመጣል። አንዷ ጨረቃን የፈራ ዓሣ ይዛ መጣች። አንድ ልጅ ደግሞ የራክሻ ጥሩንባ የዋጠ ፍየል ፈጠረ። ፍየሉ አስፋልት መሃል ቆሞ አንድ ጊዜ ሲነፋ የወታደር መኪና እንኳ መንገድ ይለቅለታል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስም አልጠራም ስላልኩ ይህን ልጅ ባለፍየሉ እለዋለሁ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱና በእኔ መካከል ነው።

ልጆቹ አንዱ የፈጠረውን ሌላው እየነጠቀ መጣላት ሲጀምሩ ሕግ አወጣሁ። ሕጉ አዲስ አይደለም፣ የጎረቤት ሕግ ነው። ወንፊት የቸገራት ሴት የጎረቤቷ ደጃፍ ቆማ «አውሱኝ» ትላለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ አራግፋ ትመልሳለች። የተበደርከውን ዱቄት ግን በልተኸው ሌላ ዱቄት ትከፍላለህ። ተረት ውስጥ ያለ ሰው ወንፊት ነው እንጂ ዱቄት አይደለም አልኳቸው። የጓደኛህን ፍጥረት በተረትህ ማስገባት ከፈለግህ «አውሰኝ» ትላለህ። ሲፈቅድልህ ታስገባለህ፣ ስትጨርስም «የእገሌ ነው» ብለህ ትመልሳለህ። ሳይቀደድ፣ ሳይጎድል። ልጆች ፍትሕ ሲነገራቸው ከአዋቂ ቀድመው ይገባቸዋል። ለዓመታት በዚህ ኖርን፤ እነዚያ ልጆች አድገው ሄዱ፣ ሌሎች መጡ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ቀላ። የአሁኖቹን ልጆች ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ጨርቁን አርጥቤ፣ እንደ ድሮዬ ጀመርኩ። ስሟን ከመጥራቴ አንዲት ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወዛወዘች።

«ሐቦባ፣ ይቺ የጌሙ ናት!»

«የምን ጌም?»

«የስልኩ ነዋ! እናቴ ስልክ ላይ አለች። አንቺ ከዚያ ነው የወሰድሻት።»

«ሐቦባ ሰረቀች! ወላሂ ሰረቀች!» አለ ሌላው፤ ልጆቹ ተንከተከቱ።

ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነው፣ ክፋት የለበትም። እኔን ግን ደሜን አፈላው። ስንት ዓመት «ሳትጠይቁ አትውሰዱ» ስል የኖርኩ ሴት በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ተረቴ ሌባ ተባልኩ። ልጅቷን አልተቆጣኋትም። ያየችውን ነው የተናገረችው፤ መጀመሪያ ያየችው ደግሞ ስልኩን ነው።

እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ስልኩን ለመንኳት። ከፍታ ሰጠችኝ። ስሙ ከላይ በትልቁ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። ከታች አሮጊቷ አለች፤ ነጠላዋ፣ ቁመቷ፣ ከዚሩ መውጣቷ ሁሉ አለ። ጣቴን ሳስነካት ሮጣ አንድ በር ላይ ደረሰችና በእግሯ ገነጠለችው። ገብታ ሳጥን ሰብራ ወርቅ አፈሰች። ወጥታ ሌላ በር ገነጠለች። ብዙ በር በሰበረች ቁጥር ታድጋለች። ስልኩን ልመልስ ስል ከኋላዋ አንድ ፍየል መጣ፣ ቆመና ጥሩንባ ነፋ።

የሠራውን ሰው በፍየሉ አወቅሁት።

ባለፍየሉ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚሉት ሰፈር ሱቅ እንዳለው ሰምቼ ነበር፤ ስልክ ይጠግናል፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋርም የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። በማግስቱ ልጆቹን አብራኝ ለምትኖረው የልጅ ልጄ ትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ፤ ሙቀቱ ከወለሉ ይነሳል፤ እኔ የምለውን እየደጋገምኩ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አጠገቤ የተቀመጠች ሱዳናዊት የምጸልይ መስሏት «ለኔም ጨምሪልኝ» አለችኝ።

ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመ። ሚሪንዳ አስመጣ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ይህን አልክድበትም።

«ሐቦባ! አየሽው? ጌማችንን አየሽው?»

«አየሁት። በር ስትሰብር አየኋት።»

«እሱ ጌም ስለሆነ ነው። ካልሰበረች ማን ይጫወተዋል?»

«ማን ፈቀደልህ?»

ሳቀ። ከዚያ እንዳልሳቅሁ አየና ወንበሩን ሳበ። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ መጀመሪያ የሠሩት ጌም ውስጥ ጀግናውን በአንድ የታወቀ የውጭ ጌም ጀግና ስም ጠርተውት ነበር። ሰው ስሙን ስለሚያውቀው ስልኩ ላይ ያወርደዋል ብለው ነው። የስሙ ባለቤቶች አቤት አሉ፤ ጌሙም ከሚሸጥበት ቦታ ተነሣ። የወራት ልፋታቸው ባንድ ቀን ጠፋ።

«ስለዚህ ባለቤት የሌለው ስም ፈለግን» አለኝ።

«እና እኔን አገኘህ።»

«አንቺን አይደለም ሐቦባ! ተረት አገኘን። ተረት የሕዝብ ነው፣ ባለቤት የለውም።»

«የፈረንጁ ምንድን ነው? እሱም ተረት አይደለም? ሰው ከጭንቅላቱ ያወጣው አይደለም?»

«እነሱ እኮ ጠበቃ አላቸው። ይከሱናል።»

«እንግዲያማ ያከበርከው ሕግ አይደለም፤ የፈራኸው ዱላ ነው። ዱላ ያልያዘው ደጅ ስትደርስ በሩን ገነጠልከው።»

ጓደኞቹ ከኮምፒውተራቸው ቀና አሉ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የባሰውን ነገረኝ። በባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገር ያለ አንድ ኩባንያ ጌሙን ከነስሙ ሊገዛው ነው። ስሙን በራሱ ያስመዘግበዋል፤ የሥዕል ፊልም፣ የልጆች ቦርሳ፣ ብዙ ነገር ያወጣበታል። የስሙ ምንጭ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት «የሐበሾች ጥንታዊ ተረት ነው» ብሏቸዋል። የሚፈራረሙት በቅርቡ ነው።

«ጥንታዊ!» አልኩት። «እኔ ሞቼ ነው?»

«ድርሻ እሰጥሻለሁ፣ ወላሂ።»

«ድርሻ የሚሰጠው ባለቤት ነው። ገና መች ባለቤት ሆንክ?» ብዬ ሚሪንዳውን ሳልነካው ወጣሁ።

ጎረቤቴ ጠበቃ ናት። ሱዳናዊት ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ልጆቿንም ጠብቄላታለሁ። የምትከናነበውን ቶብ ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች እስክጨርስ ሰማችኝ። የሚያስደስተኝን ትነግረኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እውነቱን ነገረችኝ።

«ያ ኻላ» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ስም ብቻውን ቀጭን ነገር ነው። ሕግ መጽሐፍን እንደሚጠብቅ አንዲትን ስም አይጠብቃትም። ነጋዴ ግን ስሟን የዕቃው ምልክት አድርጎ ካስመዘገበ፣ ሌላው በዚያ ንግድ እንዳይጠራት መከልከል ይችላል። ሴትዮዋ ከነጠባይዋ፣ ከነአነጋገሯ ስትታይ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ የምትይው አለሽ። እኔ ፈጠርኳት ብለሽ ማስረዳት ግን አለብሽ። አልጻፍሻትም፣ በአፍሽ ነው የተናገርሻት።»

«ስለዚህ ለልጆቼ ማውራት ይከለክሉኛል?»

«ማንም አይከለክልሽም። ግን ያቺ ልጅ ያለችሽን ሁሉም ልጅ ይልሻል።»

የወጋኝም ይኸው ነበር። ገንዘባቸውን ያፍሱት። እኔ የምፈልገው ቤቴ ውስጥ ስሟን ስጠራ ዓይኔን እንዳልሰብር ነው።

ልነሣ ስል አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ገዢ ሁሉ ሻጩን «ሌላ ጠያቂ የለበትም» ብሎ ያስፈርመዋል። «አንቺ ተነሥተሽ ጠያቂ ነኝ ካልሽ» አለችኝ፣ «ልጁ ወይ መዋሸት አለበት፣ ወይ ካንቺ ጋር መታረቅ።»

ሽማግሌ ላክሁበት። መምጣቱን አልጠራጠርኩም፤ እናቱ የሐበሻ ማኅበራችን ሰው ናት፣ ያሳደገ ያውቃል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ሸምጋዩ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበሩ። ብልህ ሰው ናቸው፣ ልባቸው ግን ከጅምሩ ወደ እሱ አዘነበለ።

«እህቴ» አሉኝ፤ «ስንቱ ልጃችን በየበረሃው ሲቀር ይኼ ቁጭ ብሎ ጌም ሠራ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ደሞ ተረት ነው። እኔም ለልጆቼ ተረት አወራለሁ፤ ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም።»

«እርስዎ የሚያወሩት የአያቶቻችንን ነው፤ እሱስ የሁላችን ነው። ይኼ የኔ ነው። ጠይቁት፤ ያንን ስም ከእኔ ሌላ ከማን ሰማው?»

ባለፍየሉ ጫማውን እያየ፣ «ከሐቦባ ነው የሰማሁት። ግን ሐቦባም ከሆነ ሰው ሰምታ ይሆናላ። ተረት እንዲህ ነው፣ የሁሉ ነው» አለ።

ተቀምጠው የሚሰሙት ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እየተሸረሸረብኝ እንደሆነ ገባኝ። የጠበቃዋን ቃል ልደግም ብዬ ተውኩት፤ የሕግ ነገር ከእኔ አፍ ሲወጣ ውሃ ይሆናል። በማውቀው መጣሁ።

«ፍየሉ የማን ነው?» አልኩት።

«የቱ ፍየል?»

«ጥሩንባ የሚነፋው።»

«የኔ ነዋ!» አለ፤ ሳያስብ፣ ወዲያው።

«ተረት የሁሉ አይደል እንዴ?»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት።

«ለሽማግሌው ልንገራቸው ወይስ ትነግራቸዋለህ? የፋሲካውን?»

«ሐቦባ፣ ኸላስ፣ በቃ ተይው…»

«አልተውም። አንዲት ልጅ ፍየሉን ሳታስፈቅደው በተረቷ አስገባችና ለፋሲካ አሳረደችው። ጥሩንባውን ከሆዱ አውጥተው ለራክሻ ነጂ መለሱለት። ይኼ ሰውዬ መሬት ላይ ተንከባለለ። ምሳ አልበላም አለ። እናቱ መጥታ እንኳ አልቀመሰም። እኔ ምን ፈረድኩ?»

ሊቀ መንበሩም ወደ እሱ ዘንበል ብለው፣ «ምን ፈረዱ?» አሉት።

«ፍየሉን እንድታስነሣው» አለ ባለፍየሉ ቀስ ብሎ። «በሌላ ተረት። ከዚያ ‹አውሰኝ› እንድትለኝ።»

«አለችህ?»

«አለችኝ። እኔም አዋስኳት።»

«ያኔ ጠበቃ ነበረህ?» አልኩት። «እኔ ነበርኩህ። ዛሬ የኔን አሮጊት በር ሰባሪ አደረግኻት፤ እኔ ወዴት ልንከባለል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም መሳቅ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። ዓይኑ ቀላ። ተነሥቶ ፊት ለፊቴ መጣና፣ ያን ሁሉ ሰው እያየው፣ «አውሺኝ» አለኝ።

አዋስኩት። ከልቤ አዋስኩት። ቅድመ ሁኔታዬን ግን እዚያው ተናገርኩ፦ ውሰት ነው፣ ሽያጭ አይደለም፤ በስማቸው አያስመዘግቧትም። ጌሙ ሲጀምር ከየት እንደመጣች ይነገር። በር አትሰብርም፤ ትጠይቃለች። ሊቀ መንበሩም «እንግዲህ ይኼ ከበቂ በላይ ነው» ብለው አስጨበጡን።

ኩባንያው ውሰት የሚባል ነገር አልገባውም። እነሱ የሚያውቁት መግዛት ብቻ ነው። ወይ ሙሉ ለሙሉ፣ ወይ ምንም አሉት። ባለፍየሉ ደወለልኝ፤ እንድለሰልስለት ፈልጎ እንደነበር ከድምፁ አውቄያለሁ። ጓደኞቹ ጫና ያደርጉበት ነበር፤ ገንዘቡ ሕይወታቸውን ይቀይራል። አዘንኩለት፤ ግን አልለሰለስኩም። እሱም ለመዋሸት አልደፈረም። አሮጊቷን ከነስሟ ከጌሙ አወጣትና ጸጉሯን ያጎፈረች አንዲት ወጣት ልጅ አስገባ፤ ስሟን የትም አገር የሚገኝ ስም አደረገው። ኩባንያው በዝቅተኛ ዋጋ ገዛው። ፍየሉም አብሮ ሄደ።

ለብዙ ጊዜ አልጠየቀኝም። ተቀይሞኛል ሲሉኝ፣ «ይቀየም፣ አንድ ቀን ይተወዋል» አልኩ። ያቺ «የጌሙ ናት» ያለችኝ ልጅ ግን ጌሙ ከተቀየረ በኋላ መጥታ፣ «ሐቦባ፣ ስልኩ ላይ የለችም። የት ሄደች?» አለችኝ።

«ቤቷ ገባች» አልኳት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ስለ እሱ የሚጽፍ አይጠፋም። ሰው ተበተነ። እኔም ከልጅ ልጄ ጋር ወጥቼ ቆይቼ ተመለስኩ። ጀብራ ስደርስ የመንገዱ ጥግ ዚር ተሰብሮ ገሉ ብቻ ቀርቷል። ከቤቴ የሚነቀለው ሁሉ ተነቅሏል፤ ሽቦው፣ መስኮቱ፣ የሆሹ የብረት በር ሳይቀር። ጥርጊያውን ጠርጌ፣ በበሩ ቦታ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ አንዳንድ እናቶች ተመለሱ፤ ልጆችም መጡ።

ባለፍየሉ የደወለው ያን ሰሞን ነው፤ ከሌላ አገር። ልጅ ወልዷል። ሰላምታው ሲያልቅ ድምፁ ተለወጠ።

«ሐቦባ፣ ፍየሌን ወሰዱት።»

ለልጆች አዲስ ነገር እየሠራ ነበር፤ ፍየሉን ሊያስገባው ሲል ኩባንያው «የእኛ ነው፣ እንዳትነካው» አለው። ሲፈርም ሁሉንም ነበር የፈረመው።

«ሸጥከዋላ» አልኩት።

«ፍየሉን መሸጤን አላወቅሁም።»

ልስቅበት እችል ነበር። ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን ያ መሬት ላይ የተንከባለለው ልጅ ነው የታየኝ፤ ንዴቴም ከእሱ ወደ እነዚያ ሰዎች ዞረ።

«ስማኝ» አልኩት። «በወረቀት የነሱ ይሁን። በዚህ ሆሽ ግን ፍየሉ ያንተ ነው። ማንም ልጅ እዚህ ሲያወራው ያንተን ስም ጠርቶ ነው የሚጨርሰው። ይምጡና ይክሰሱኝ። በር እንኳ የለኝም፤ ምኔን ይወስዳሉ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶ የቀረበ ነበር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄ ነፋስ ትፈራለች። አሮጊቷን አውሺኝ። ለስልክ አይደለም፤ ለልጄ።»

«ስትጨርስ ምን ትላለህ?»

«የሐቦባ ናት እላለሁ።»

«እንግዲያው ወስደህ ንገራት» አልኩት።

ትናንት ሐቡብ ነፍሶ ነበር። ልጆቹን አስገብቼ ስቆጥር አንዲት ጎድላለች፤ አዲስ ናት፣ ማዮ ከሚሉት ሰፈር በቅርቡ የመጣች። ብቅ ብዬ ባይ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በር የለም፤ ብርድ ልብሱን ነፋሱ ገልቦታል፤ አቧራው ፊቷን አልብሶታል። እሷ ግን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ልግባ?» ትላለች።

ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም። «ግቢ» አልኳት።

ስሙን የፈለገ ቤቴን ያውቀዋል። እንደዚያች ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠይቀኝ።